ሜዲካል ኮደር ለመሆን ላሰቡ፦ ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት፣ ክርስትና ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ የሥራ ነገር ሲነሳ "ኮዲንግ ተማሩ እንጂ፤ ቤት ቁጭ ተብሎ ነው የሚሠራው" የሚል ሰው አይጠፋም። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሜዲካል ኮደሮች ብዙ ናቸው። ፈተናውን አልፈው፣ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው እስከ ዛሬ ኡበር የሚነዱም አሉ። እንደማየው ከሆነ ሁለቱን የሚለያቸው የአእምሮ ብልጫ አይደለም። ሥራ ያገኙት ገና መማር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ቅጥር ከየት እንደሚመጣ አስበውበታል። ያላገኙት ደግሞ ፈተናውን ካለፉ ሥራው በራሱ የሚከተል መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ሲያነቡ፣ አንድ ዓይንዎን መጽሐፉ ላይ፣ አንዱን ዓይንዎን ቅጥሩ ላይ ያድርጉ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ምንድን ነው

ኮዲንግ ሲባል ብዙ ሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ይመስለዋል። ምንም ግንኙነት የላቸውም። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ የጻፈውን ማስታወሻ ኮደሩ ያነባል። ከዚያ የበሽታውን ኮድና የተደረገውን ሕክምና ኮድ ለይቶ ያስቀምጣል። የመንግሥቱ ሜዲኬርም ሆነ የግል ኢንሹራንስ የሚከፍለው እነዚህን ኮዶች አይቶ ነው። የበሽታው ኮድ ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ ይናገራል፤ የሕክምናው ኮድ ምን እንደተሠራ ይናገራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ክፍያው ይከለከላል፤ በሥራው ቋንቋ "ክሌሙ ዲናይ ሆነ" ይባላል።

የሥራው መሣሪያ ጥቂት መጻሕፍት ናቸው። በሽታ፣ ጉዳትና ምልክት የሚገኘው አይሲዲ-10-ሲኤም በተባለው ውስጥ ነው። መሠረቱ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ሲሆን፣ አሜሪካ ለራሷ አስፍታ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ትጠቀምበታለች። ከዚያ በፊት የነበረው ዘጠነኛው እትም 14 ሺህ ገደማ ኮድ ነበረው፤ የአሁኑ ከ70 ሺህ ያልፋል። ሐኪሙ የሠራው ሥራ ደግሞ ሲፒቲ በተባለው መጽሐፍ ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ይሰጠዋል። ሲፒቲ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ንብረት ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1966 ወጣ። መርፌ መድኃኒት፣ አምቡላንስ፣ ዊልቼርና የመሳሰለው ሂክፒክስ በሚሉት ሦስተኛ መጽሐፍ ይገኛል። ሆስፒታል ተኝቶ ለታከመ ሰው ኦፕሬሽን ደግሞ አይሲዲ-10-ፒሲኤስ የሚባል ሌላ መጽሐፍ አለ። የእሱ ኮዶች ሁልጊዜ ሰባት ቦታ ናቸው። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ።

ይህን ሁሉ ቁጥር ሰው በቃሉ አይዝም። ሥራውም ፈተናውም መጽሐፍ ተከፍቶ ነው። የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ የሰውን ጽሑፍ በጥንቃቄ ማንበብና ደንብ አክብሮ መወሰን።

ከመመዝገብዎ በፊት ራስዎን ይሞክሩ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ምሳሌ በትዕግሥት ይከተሉ። የ61 ዓመት ሴት ክሊኒክ ትመጣለች። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ ዓይነት ሁለት ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ደረጃ 3ቢ ላይ ያለ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች።

ጀማሪ ሦስቱን በሽታዎች አንድ በአንድ ይፈልጋል። ለስኳሩ ኢ11.9፣ ለግፊቱ አይ10፣ ለኩላሊቱ ኤን18.32 ያገኛል። ሦስቱም እውነተኛ ኮዶች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ስህተት ናቸው። የአይሲዲ መመሪያ ስኳርና የኩላሊት ሕመም አንድ ሰው ላይ ከተገኙ፣ ሐኪሙ "አይገናኙም" ብሎ ካልጻፈ በስተቀር፣ እንደተገናኙ ቁጠር ይላል። ግፊትና የኩላሊት ሕመምም እንዲሁ። ስለዚህ ኢ11.9 ማለት "ስኳር፣ ያለ ምንም ተጓዳኝ ችግር" ስለሆነ ይወድቃል፤ በቦታው ኢ11.22 ይገባል። አይ10 ይወድቅና አይ12.9 ይተካዋል። ኤን18.32 ደረጃውን ለመናገር አብሮ ይቆያል። ኢንሱሊኑ ደግሞ ዜድ79.4 የሚል የራሱ ኮድ አለው። ሴትዮዋ የምትወስደው ኢንሱሊን ሳይሆን የሚዋጥ የስኳር ኪኒን ቢሆን ኖሮ ዜድ79.84 ይሆን ነበር።

ሌላ ልጨምር። ሐኪሙ "ሳል፣ ትኩሳት፤ ሳንባ ምች ይጠረጠራል" ብሎ ከጻፈና በሽተኛው ታክሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ የክሊኒክ በሽተኛ ከሆነ፣ ሳንባ ምች ኮድ አይደረግም። ኮድ የሚደረጉት ሳሉና ትኩሳቱ ናቸው፤ ጥርጣሬ በሽታ አይደለምና። ያው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሲወጣም ሐኪሙ አሁንም "ይጠረጠራል" ብሎ ከጻፈ ግን ሆስፒታሉ እንዳለ በሽታ ቆጥሮ ኮድ ያደርገዋል። ቃሉ አንድ፣ ደንቡ ሁለት።

ይህን ሲያነቡ "እስቲ ሌላስ?" ካሉ፣ ሥራው ለእርስዎ ነው። አሰልቺ ሆኖብዎ ዘልለው ከመጡ ይህንንም እንደ ጥሩ ዜና ይቁጠሩት፤ ብዙ ሺህ ዶላር ተርፎልዎታል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት የሚሠራው ይኸው ነው።

ከኢትዮጵያ የጤና ትምህርት ይዘው ለመጡ

ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ የሠሩ፣ ሐኪሞችም ጭምር ወደዚህ ሙያ ሲገቡ አይቻለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንደ ነርስ ወይም ሐኪም ለመሥራት የስቴት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም ረጅምና ውድ ነው። ኮዲንግ ግን የስቴት ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራ ነው፤ ቀጣሪዎች የሚፈልጉት የሙያ ማኅበራቱን ሰርተፊኬት ነው። የአገር ቤት ዲፕሎማዎን ማስገምገም እንኳ ግዴታ አይደለም። የሰውነት ክፍሎችንና የበሽታዎችን ስም አስቀድመው ማወቅዎ ብዙ ወራት ይቆጥብልዎታል። ንግግርዎ ላይ ያለው የአማርኛ ቅላጼም እዚህ አያስጨንቅም፤ ዋናው ሥራ ንባብ ነው።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ የሚያጠምደውም በተለይ የጤና ባለሙያዎችን ነው። የላቦራቶሪ ውጤቱን ያዩና በሽታውን ራስዎ ያውቁታል። ክሬአቲኒኑ ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቱ መታመሙ ግልጽ ነው። ሐኪሙ ግን አልጻፈውም። ኮደር ሆነው ይህን ኮድ ማድረግ አይችሉም፤ ምርመራ የሐኪሙ ነው። ማድረግ የሚችሉት ሐኪሙን በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ "ኩዌሪ" ይባላል። ጥያቄው መልሱን የሚያስይዝ መሆን የለበትም። "የኩላሊት ሕመም ብለህ ጻፍ" አይባልም፤ "ይህ ውጤት ምን እንደሚያመለክት ቢያብራሩልን" ይባላል። በሙያው ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው።

የትኛውን ሰርተፊኬት

ሁለት ትልልቅ ማኅበራት አሉ። ኤኤፒሲ በ1988 የተመሠረተና መቀመጫው ሶልት ሌክ ሲቲ የሆነ ነው። አሂማ ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ያለ፣ ቺካጎ የሚገኝ ማኅበር ነው። ሐኪም ቢሮዎችና ክሊኒኮች ብዙ ጊዜ የኤኤፒሲን ሲፒሲ ይጠይቃሉ። ሆስፒታሎች የአሂማን ሲሲኤስ ይወዳሉ፤ እሱ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። አሂማ ለጀማሪ ሲሲኤ የሚል ፈተና አለው። አርኤችአይቲ የሚባለው ደግሞ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት ዲግሪ ይጠይቃል።

እኔ ብጠየቅ ምክሬ ቀላል ነው። ዕድሜዎ ገና ከሆነና ኮሌጅ መግባት ከቻሉ፣ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ይማሩና አርኤችአይቲ ይውሰዱ፤ ኮዲንግ ቢጠብብዎ እንኳ በጤና መረጃ አስተዳደር ሌላ በር ይከፍትልዎታል። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩና ሁለት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ሲፒሲ ይበቃዎታል። በአንዴ ሁለት ሦስት ሰርተፊኬት መሰብሰብ ግን ትርፉ ድካም ነው። ልምድ የሌለው ሰው ከስሙ ኋላ ፊደል ቢደረድርም ቀጣሪው የሚጠይቀው "የት ሠርተሃል?" ብሎ ነው።

የት ይማራሉ፣ በምን ገንዘብ

መጀመሪያ የሚያዩት የአካባቢዎን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይሁን። ዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ በቨርጂኒያ ኖቫ፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በጤና መረጃ አስተዳደር ያስተምራሉ። ኤኤፒሲ ራሱም በኢንተርኔት የሚሰጠው ኮርስ አለ። በፌስቡክ ማስታወቂያ የሚመጡ "በስድስት ሳምንት፣ ሥራ በዋስትና" የሚሉ ትምህርት ቤቶች ግን ይቅሩብዎ። ባዶ እጁን የጀመረ ሰው ይህን ትምህርት በስድስት ሳምንት አይጨርሰውም፤ ሥራ ዋስ የሚሆንለት ትምህርት ቤትም የለም። ጠይቀው ማወቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው። ኮርሱ ቢያንስ 80 ሰዓት ነው? የሰውነት ክፍሎችንና የሕክምና ቃላትን ያካትታል? መጽሐፍና የፈተና ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ?

ከኪስዎ ከመክፈልዎ በፊት አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባለውን መሥሪያ ቤት ይጎብኙ። በብዙ ቦታ አለ። በ2014 በወጣው የሠራተኛ ኃይል ሕግ መሠረት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ከሥራ ለተቀነሱ ሰዎች የሥልጠና ክፍያ ይሸፍናል፤ ኮዲንግ በብዙ ቦታ ከተፈቀዱት ሥልጠናዎች አንዱ ነው። ወገኖቻችን በብዛት የማይጠቀሙበት ዕድል ነው፤ አንዳንዱ አያውቀውም፣ አንዳንዱ ወረቀቱ ያታክተዋል። ወረቀቱን ይታገሡት።

አሠሪዎ ሆስፒታል ከሆነ፣ በጽዳትም ሆነ በምግብ ቤት ቢሠሩ፣ የሰው ኃይል ክፍሉን ስለ ትምህርት ድጋፍ ይጠይቁ። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይመልሳሉ። ይህ ነጥብ ኋላ ለቅጥሩም ይጠቅመናል።

አጠናኑ

ከኮዱ በፊት ቃላቱን ይያዙ። የሕክምና ቃላት ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጭ የተሠሩ ናቸው፤ ቁርጥራጩን ያወቀ ያላየውንም ቃል ይፈታዋል። ከመጨረሻቸው ይጀምሩ። "ኤክቶሚ" ቆርጦ ማውጣት፣ "ኦቶሚ" ቀድዶ መክፈት፣ "ኦስቶሚ" ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ማበጀት ነው። ኮሌክቶሚና ኮሎስቶሚ በአንድ ክፍለ ቃል ቢቀራረቡም በኦፕሬሽን ክፍል ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ በሂሳቡም ላይ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች።

መጽሐፉን ሲያነሱ አንድ ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ይያዙ። በፊደል ተራ ከተቀመጠው ማውጫ ይጀምሩ፤ ግን በማውጫው ብቻ በፍጹም አይወስኑ። ኮዱን ወደ ዋናው ዝርዝር ወስደው ከሥሩ ያሉትን ማስታወሻዎች በሙሉ ያንብቡ። "ይህን አብሮ ጻፍ"፣ "ይህን ከዚህ ጋር አትጻፍ"፣ "ሰባተኛ ፊደል ጨምር" የሚሉት እዚያ ነው ያሉት። ስብራት ላይ ለምሳሌ ሰባተኛው ፊደል ኤ ንቁ ሕክምና ላይ ያለ፣ ዲ በማገገም ላይ ያለ፣ ኤስ ደግሞ ስብራቱ ያስከተለው ዘግይቶ የመጣ ችግር ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ "ኤ"ን "የመጀመሪያ ቀጠሮ" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስህተት ነው። ሌላ ሐኪም ጋር ሦስተኛ ቀጠሮው ቢሆንም ሕክምናው ገና ከቀጠለ ኤ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጡት ለሐኪም ቀጠሮ ኮዶች ይሁን። አዲስ በሽተኛ ከ99202 እስከ 99205፣ ነባር በሽተኛ ከ99211 እስከ 99215። ከ2021 ጀምሮ የክሊኒክ ቀጠሮ ደረጃ የሚለየው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ሐኪሙ ባደረገው ውሳኔ ክብደት፣ ወይ በዚያ ቀን ባጠፋው ጠቅላላ ሰዓት። ድሮ የነበረው የታሪክና የምርመራ ነጥብ ቆጠራ ለክሊኒክ ቀጠሮ ቀርቷል። ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት አስተማሪ አሁንም 99201ን የሚያስተምር ከሆነ ይዝጉት፤ ያ ኮድ በ2021 ተሰርዟል።

ከዚያ ሞዲፋየሮች አሉ፤ ከኮዱ ኋላ የሚጨመሩ ሁለት አሃዞች። ብዙ ክፍያ የሚከለከለው እነሱ ላይ ነው። አንድ በሽተኛ ለስኳሩ ክትትል መጥቶ መድኃኒቱ ተቀየረለት፤ ያኑ ቀን ጉልበቱ ላይ መርፌ ተወጋ። መርፌው 20610 ነው። ቀጠሮው 99214 ሆኖ ያለ ሞዲፋየር ቢላክ ኢንሹራንሱ "ቀጠሮው የመርፌው አካል ነው" ብሎ ይጥለዋል። ሞዲፋየር 25 ሲጨመርበት ቀጠሮው ራሱን የቻለ ሥራ እንደነበር ይናገራል። ነገር ግን ሰውየው የመጣው ለመርፌው ብቻ ከሆነና ሐኪሙ ሌላ ምንም ካልሠራ፣ 25 መጨመር ያልሠሩትን ማስከፈል ነው።

መጽሐፍ ሲገዙ ዓመቱን ይመልከቱ። አይሲዲ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳል፤ ሲፒቲ ጃንዋሪ 1። ያለፈ ዓመት መጽሐፍ ከጓደኛ መዋስ ለልምምድ ይጠቅማል፤ ለፈተና ግን ያዋርዳል። ሲፒቲውም የሐኪሞች ማኅበሩ ያሳተመው መሆን አለበት።

የፈተናው ቀን

ሲፒሲ 100 ጥያቄ ነው፤ አራት ሰዓት ይሰጣል፤ 70 ከመቶ ያመጣ ያልፋል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርስዎታል ማለት ነው። የሚጥለውም ሰዓቱ ነው። ረጃጅሞቹን የኦፕሬሽን ታሪኮች ሲያዩ ከታሪኩ አይጀምሩ፤ ከአራቱ ምርጫዎች ይጀምሩ። ብዙ ጊዜ ምርጫዎቹ የሚለያዩት በአንድ ኮድ ወይም በአንድ ሞዲፋየር ብቻ ነው። ያንን ልዩነት ይዘው ወደ ታሪኩ ይግቡ፤ የሚፈልጉትን ያውቃሉና ግማሹን ሳያነቡት ያልፉታል። ባዶ የሚተዉት ጥያቄ አይኑር፤ ግምትም ነጥብ ያመጣል።

መጽሐፍዎ ላይ በእጅ የጻፉት የሥራ ማስታወሻ ይፈቀዳል፤ ገጽ የሚያመለክት ምልክትም እንዲሁ። የልምምድ ጥያቄና መልስ ገልብጦ መግባት ግን አይፈቀድም። ፈተናውን ሲገዙ የአንድና የሁለት ሙከራ አማራጭ ያገኛሉ። ሁለቱን ይግዙ፤ ልብ ያሳርፋል። ቤትዎ ሆነው በካሜራ እየታዩ የሚፈተኑ ከሆነ ልጆቹን ለዚያ ጠዋት አክስታቸው ጋር ይላኩ።

ከባዱ በር

ፈተናውን ሲያልፉ ልምድ ከሌለዎት ከሰርተፊኬትዎ ኋላ "ኤ" የሚል ፊደል ይጨመራል፤ ተለማማጅ ማለት ነው። ሥራ ሲፈልጉ ሁሉም ማስታወቂያ "ሁለት ዓመት ልምድ" ይላል። ልምድ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

ፊደሉን ማስነሻ መንገድ አለ። ሁለት ዓመት መሥራት አንዱ ነው። ሌላው ቢያንስ 80 ሰዓት ኮርስ መጨረስዎን አሳይተው አንድ ዓመት መሥራት ነው። ኤኤፒሲ ፕራክቲኮድ የሚባል የእውነተኛ ቻርቶች (የበሽተኛ መዝገቦች) ልምምድ አለው፤ እሱን ማጠናቀቅ እንደ አንድ ዓመት ልምድ ይቆጠራል። ኮርሱንና ልምምዱን ያጣመረ ሰው ሥራ ሳይዝ "ኤ"ውን ያስነሳል። ጥሩ ነው፤ ያድርጉት። ግን አይታለሉ፤ ማኅበሩ ልምድ ብሎ የተቀበለውን ቀጣሪው ላይቀበለው ይችላል።

የሚሠራው መንገድ ከጎን መግባት ነው። ኮደር ካልሆንኩ ብለው አይጠብቁ፤ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ሕክምና ቢሮ ውስጥ ማንኛውንም ሥራ ይያዙ። በሽተኛ መመዝገብ፣ ኢንሹራንስ ማጣራት፣ ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ፣ ክፍያ መመዝገብ፣ መዝገብ ቤት። ከሁሉም የሚሻለው ቢሊንግ (ሂሳብ መላክ) ነው፤ ክሌም ለምን እንደሚከለከል በየቀኑ ያያሉ፤ አብዛኛው ምክንያት ደግሞ ኮዲንግ ነው። እዚያ ስድስት ወር የቆየ ሰው ውጭ ካለው ባለ ሰርተፊኬት ይመረጣል፤ ቢሮው ያውቀዋል፣ ሲስተሙን ያውቀዋል፣ ሐኪሞቹም ስሙን ያውቃሉ። ቀድሞውኑ ሆስፒታል በሌላ ሥራ ላይ ካሉ ደግሞ እግርዎ ገብቷል። የኮዲንግ ክፍሉ ኃላፊ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሰላምታ ይጀምሩ፤ አንድ ቀን አብሬ ቁጭ ብዬ ልይ ይበሉ። እኛ ሐበሾች ራስን ማስተዋወቅ እንደ ድፍረት ይሰማናል። እዚህ አገር ግን የሚጠበቅ ነገር ነው።

ኤኤፒሲ በየከተማው የአባላት ቅርንጫፍ አለው። ስብሰባቸው ላይ ይገኙ፤ ትምህርት ያገኛሉ፣ ቀጣሪ ያገኛሉ። ዜግነት ካለዎት የጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታሎችን አይርሱ፤ ኮደሮችን በ0675 የሥራ መደብ ይቀጥራሉ፣ ማስታወቂያውም ዩኤስኤጆብስ ላይ ይወጣል። ትናንሽ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም ለጀማሪ ይራራሉ፤ አማርኛ መናገርዎን እንደ ተጨማሪ ሀብት የሚያዩበትም ቦታ አለ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ቀጣሪ የኮዲንግ ፈተና ይሰጣል፤ የሚፈልገውም ወደ 95 ከመቶ ትክክለኛነት ነው። ስለዚህ ፈተናው ካለፈ በኋላም መጽሐፉን አይዝጉ።

ደመወዙን በተመለከተ፦ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሕክምና መዝገብ ባለሙያዎች የ2023 መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 48,780 ዶላር እንደነበር መዝግቧል። ኮደሮች ከዚህ ክፍል ውስጥ ናቸው። መካከለኛ ማለት ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነውና ጀማሪ ሲሆኑ ዝቅ ብለው ይጠብቁ።

ቤት ሆነው እንዲሠሩ ሲጠሩ

"ከቤት ሥራ" የሚለው ቃል አጭበርባሪ ይስባል። ያላዩት ሰው በቴሌግራም ቃለ መጠይቅ አድርጎ ቀጠርንዎ ካለ በኋላ "ኮምፒውተር ይግዙበት" ብሎ ቼክ ቢልክልዎ፣ ቼኩ ሐሰት ነው። ባንክዎ ውድቅ ሲያደርገው ያወጡት ገንዘብ ከእርስዎ ይቆረጣል። እውነተኛ ቀጣሪ ሥራ ለመስጠት ገንዘብ አይጠይቅም።

እውነተኛውን ሲያገኙ ደግሞ ሕግ አብሮ ቤትዎ ይገባል። በ1996 የወጣው ሂፓ የበሽተኛን ምስጢር ይጠብቃል። ስክሪንዎን ባለቤትዎም ማየት የለባቸውም፤ ካፌ ተቀምጦ ቻርት መክፈት አይታሰብም። በተለይ ለእኛ ይህ ነገር ከባድ ነው። ማኅበረሰባችን ጠባብ ነው፤ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያውቁት ሰው ቻርት ፊትዎ ይመጣል። የተመደበልዎ ከሆነ ሠርተው ይዝጉት፤ ወይም ለኃላፊዎ ነግረው ለሌላ ያስተላልፉ። ያልተመደበልዎን ቻርት "ደህና ይሆን?" ብሎ መክፈት ግን ከሥራ ያስባርራል። ሲስተሙ ማን የትኛውን ቻርት እንደከፈተ ይመዘግባል።

ሌላው ፈተና ከላይ ይመጣል። "ይህን 99213 ለምን 99214 አታደርገውም?" የሚል ኃላፊ ያጋጥማል። ማስታወሻው ከደገፈው ያድርጉት፤ ካልደገፈው አይንኩት፤ ንግግሩም በጽሑፍ ይሁን። ለመንግሥት ሐሰተኛ ሂሳብ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ከ1863 ጀምሮ ያለ ነው። ጥፋተኛ የተባለ የጉዳቱን ሦስት እጥፍና ተጨማሪ ቅጣት ይከፍላል።

ማሽኑስ

"ኮምፒውተር ይተካዋል ይባላል፤ መማሬ ዋጋ አለው?" ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ቀላል የሆኑትንና ተደጋጋሚዎቹን፣ ለምሳሌ የራጅ ንባቦችን፣ ሶፍትዌር አሁንም ኮድ እያደረገ ነው። የእኔ ግምት ጀማሪው የሚለማመድበት ቀላል ሥራ እየጠበበ ይሄዳል፣ የማሽኑን ሥራ የሚመረምርና የተከለከለ ክፍያ ላይ የሚከራከር ሰው ደግሞ ይፈለጋል የሚል ነው። ከጎን መግባትን አጥብቄ የምመክረውም ለዚህ ነው፤ ቢሊንጉን የሚያውቅ ኮደር ኮዱን ብቻ ከሚያውቀው ይቆያል።

አገር ቤት ሆነው ይህን ለሚያነቡ አንድ ቃል። የአሜሪካ ሰርተፊኬት በራሱ የአሜሪካ ሥራ አያመጣም። ከውጭ የሚሠራው የኮዲንግ ሥራ በብዛት ህንድና ፊሊፒንስ ባሉ ድርጅቶች በኩል ነው፤ አንዳንድ ስቴቶችም የድሆች ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬይድ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላሉ። ዲቪ ደርሶዎት ለመምጣት የሚጠባበቁ ከሆነ ግን ጊዜው የቃላቱና የሰውነት ክፍሎች ጥናት ነው። እነሱ ዓመት አይቀያይራቸውም። የኮድ መጽሐፍ ሲደርሱ ይገዛሉ።

ሰርተፊኬቱን ካገኙ በኋላ ሲፒሲ በየሁለት ዓመቱ 36 ነጥብ ተከታታይ ትምህርትና የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል፤ ቀኑ ሳያልፍ ይፈጽሙ። ገብተው ከተደላደሉም በኋላ ቢሮዎ ሰው ሲፈልግ ማስታወቂያው ሳይወጣ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ስልክ ያንሱና "ኤ"ው ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ወገንዎ ይደውሉለት።